የፖፕ-ሌይን ቤት ስትጎበኙ ብሎኖቹን እዩ

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ አካባቢ የምትኖሩ ሩት ዋን በሚባለው መንገድ ላይ ስትመላለሱ ፖፕ-ሌይ የሚባለውን ይህን ቤት ሳታዩት አልፋችሁ ይሆናል። ዉድላውን የሚባለው የድሮ ግቢ ውስጥ፣ ዛፍ መሃል ነው ያለው። እኔ አናጺ ነኝ። እንግዳ ሲመጣብኝ ወደዚህ ነው የምወስደው።

ውስጡን የሚያሳዩት በአስጎብኚ ነው። ዓመቱን ሙሉ ስለማይከፈት ቀኑን ድረ ገጻቸው ላይ አይታችሁ ትኬት ቁረጡ። ከቻላችሁ ፀሐይ ያለበትን ቀን ምረጡ።

ታሪኩን አውቃችሁት ብትሄዱ ይሻላል። ሎረን ፖፕ ጋዜጣ ላይ የሚሠራ፣ በሳምንት 50 ዶላር የሚያገኝ ሰው ነበር። በ1939 እ.ኤ.አ. ለታዋቂው አርክቴክት ለፍራንክ ሎይድ ራይት ቤት ንደፍልኝ ብሎ ደብዳቤ ጻፈ። ባንክ ፊት ሲነሳው ገንዘቡን ያበደረው የሚሠራበት ጋዜጣ ነው። ቤቱ ፎልስ ቸርች ተሠርቶ በ1941 አለቀ። በኋላ ሌይ የሚባሉ ባልና ሚስት ገዙት። በ1960ዎቹ ግን ዛሬ ትራፊክ የሚያንገላታን 66 መንገድ ሊያልፍበት ሆነ። ወይዘሮ ሌይ ቤቱን ለቅርስ ጥበቃ ድርጅት ሰጡት፤ ተነቅሎ እዚህ መጣ። አፈሩ አልይዝ ስላለ በ1990ዎቹ አጋማሽ እንደገና ተነቅሎ ትንሽ ፈቀቅ ተደረገ።

መግቢያው ላይ ኮርኒሱ ዝቅ ያለ ነው። ረጅም ሰው ጎንበስ ልበል እንዴ ይላል። ደረጃውን ወደ ሳሎን ስትወርዱ አትቸኩሉ፤ ኮርኒሱ ባንዴ ወደ ላይ ይሸሻል። ቤቱ በጠቅላላው 1,200 ስኩዌር ፊት ገደማ ነው፤ ሳሎኑ ውስጥ ቆሞ ይህን የሚያምን የለም።

አሁን ወደ ግድግዳው ጠጋ በሉ፣ ሳትነኩ። ጣውላው ሳይፕረስ ነው፤ ቀለም አልተቀባም። የብሎኖቹን አናት እዩ። ካቻቪቴ የሚገባበት ጭረት አግድም ተሰልፏል። እኔ ለደንበኛ እንዲህ ልሥራ ብል የሰዓት ሒሳቤን ሰምቶ ያባርረኛል። ጡቡም ላይ ያው ነው፦ የአግድሙ ስሚንቶ ወደ ውስጥ ተፍቋል፣ የቁሙ ከጡቡ ፊት እኩል ተሞልቷል። ዓይን አግድሙን ብቻ ይከተላል።

ወለሉ ቀይ ሊሾ ነው። ማሞቂያው የት አለ ብላችሁ እንዳትፈልጉ፤ ሙቅ ውሃ የሚሄድበት ቱቦ ከሥሩ ተቀብሯል። ላይኛዎቹን መስኮቶችም አትለፉ፤ ቅርጽ የተፈለፈለበት ጣውላ አላቸው።

ወጥ ቤቱ ጠባብ ነው። እናቴ አይታው «እዚህ ዶሮ አይሠራም» ብላ ወጣች።

እዚያው ግቢ ያለውን ትልቁን የዉድላውን ቤትም ካያችሁ እሱን አስቀድሙት። ከዚያ ከፍታ መጥታችሁ የፖፕን መግቢያ ስታዩ፣ ያ ዝቅ ያለ ኮርኒስ የበለጠ ይሰማችኋል።