ሜይሉ ተልኳል፣ ግን አልደረሰም፦ ሰርቨር ስትተክሉ የምትሳሳቱት

ገላንና ሰበታ አካባቢ ያሉ ፋብሪካዎች የራሳችን ሜይል ሰርቨር ይኑረን ይላሉ። ደስ ይለኛል። ኡቡንቱ ሊኑክስ ላይ ፖስትፊክስን (ሜይል የሚልከውንና የሚቀበለውን) እና ዶቭኮትን (ሰው ሜይሉን የሚያነብበትን) መጫን ከባድ አይደለም። ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ የፒቲአር ነገር ነው፤ ይሄ በዲኤንኤስ (በኢንተርኔቱ የስም ማውጫ) ውስጥ የአንድ አይፒ ስም ማን እንደሆነ የሚናገር መስመር ነው። እባካችሁ ይሄን ስሙኝ! ተቀባዩ ሰርቨር የእናንተን አይፒ ያይና ስሙን ከዲኤንኤስ ይጠይቃል። ስም ካላገኘ፣ ወይም ያገኘው ስም ወደዚያው አይፒ ካልመራው፣ ሜይላችሁን ይመልሰዋል ወይም ስፓም ውስጥ ይጥለዋል። ጂሜይል ይሄን በግልጽ ይጠይቃል። የአይቲ ልጆች ግን ዶሜን የገዙበት ቦታ ገብተው ፒቲአር ሲፈልጉ ይውላሉ። እዚያ አይገኝም! የሚሞላው የአይፒው ባለቤት ነው፤ ማለትም ኢንተርኔቱን ወይም ሰርቨሩን ያቀረበላችሁ ድርጅት። ስለዚህ ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ። አይፒው ቋሚ ነው? ፒቲአር ይሞላልኛል? ፖርት 25 (ሰርቨሮች ሜይል የሚለዋወጡበት በር) ወደ ውጭ ክፍት ነው? አንዱ እንኳ «አይ» ከሆነ ከቢሮው መስመር በቀጥታ አትላኩ። ወጪውን ሜይል ይሄ ሁሉ በተሟላለት ሌላ ሰርቨር በኩል አሳልፉት።

ሌላው ፖስትፊክስ ውስጥ ማይኔትወርክስ የሚባለው መስመር ነው፤ ያለ ፓስወርድ መላክ የሚፈቀድላቸው አይፒዎች የሚጻፉበት። ገላን አንድ ፋብሪካ ውስጥ ስካነሩ ሜይል አልልክ አለ። የአይቲው ልጅ ቸኩሎ 0.0.0.0/0፣ ማለትም «ሁሉም አይፒ»፣ ብሎ ጻፈ። ስካነሩ ሠራ። ግን ሰርቨሩ ከየትም ለመጣ ሰው ሁሉ ያለ ፓስወርድ መላክ ጀመረ። ጠዋት ስንደርስ ወረፋው በስፓም ተጨናንቋል፣ አይፒውም ጥቁር መዝገብ ገብቷል። ልጁ ሊያለቅስ ደርሶ ነበር፤ አንጀቴን በላው። የስካነሩን አይፒ ብቻ መጨመር ይበቃ ነበር።

ለአንድ ዶሜን ሁለት የኤስፒኤፍ መስመር (በዶሜኑ ስም መላክ የሚችሉት ሰርቨሮች ዝርዝር) አታስገቡ፤ ሁለት ካለ ማጣሪያው ስህተት ነው ብሎ አንዱንም አይቀበልም። ዲኪምን (በሜይሉ ላይ የሚያርፈውን የዶሜኑን ዲጂታል ፊርማ) እና ዲማርክን (ማረጋገጫው ሲወድቅ ተቀባዩ ምን ያድርግ የሚለውን መመሪያ) «በኋላ» አትበሉ።

መብራት ለጥቂት ሰዓት ጠፋ ብላችሁ ደግሞ አትደንግጡ። ላኪው ሰርቨር ሜይሉን ይዞ ደጋግሞ ይሞክራል፤ ፖስትፊክስ ካልነካካችሁት እስከ 5 ቀን ይታገሳል። ዩፒኤስ ግን ግዙ፤ ሜይሉ ቢጠብቅም ዲስኩ ድንገተኛ መጥፋትን አይወድም።

ግንኙነቱን የሚያመሰጥረው የሰርቨሩ ሰርተፍኬት በራሱ ይታደሳል ብላችሁም አትተኙ። ፋይሉ ቢታደስም ዶቭኮት ሪሎድ ካልተደረገ አሮጌውን እንደያዘ ይቀጥላል። የአሮጌው ጊዜ ሲያልፍ የሁሉም ስልክ ማስጠንቀቂያ ማሳየት ይጀምራል። ሪሎዱን ከእድሳቱ ጋር አያይዙት።