ፕሮፔለሩ ሲዞር እንዲታይ፦ ከአዳማ ተነስቶ ጥንታዊ አውሮፕላኖችን በአየር ትርኢት ላይ ፎቶ ለማንሳት

ባለ ፕሮፔለር አሮጌ አውሮፕላን በአየር ላይ ሳለ ፎቶ ተነስቶ ፕሮፔለሩ ቀጥ ብሎ የቆመ መስሎ ከወጣ፣ ፎቶው የቱንም ያህል ጥርት ያለ ቢሆን እንደ ተበላሸ ሊቆጠር ይገባዋል። ተመልካቹ ምክንያቱን በቃል ማስረዳት ባይችል እንኳ ሞተሩ ጠፍቶ ሊወድቅ የተቃረበ አውሮፕላን ያየ ይመስለዋል። እኔ ይህን የተረዳሁት ቢሾፍቱ ውስጥ ለሕዝብ ክፍት በነበረ የአየር ትርኢት ላይ ቀኑን ሙሉ ሳነሳ ውዬ፣ ማታ አዳማ ቤቴ ገብቼ ፎቶዎቹን በኮምፒውተር ስከፍት ነው። ለጄት እንደሚደረገው የሻተሩን፣ ማለትም ብርሃን ለማስገባት ተከፍቶ የሚዘጋውን የካሜራ ክፍል፣ ፍጥነት 1/2000 ሴኮንድ ላይ አድርጌው ስለነበር፣ ባለ ፕሮፔለሮቹ ሁሉ በክር የተንጠለጠሉ ይመስሉ ነበር። ከዚያ ወዲህ በልምምድ ያገኘሁትን፣ በተለይ ሠርግና ልደት በማንሳት ለተካኑ ነገር ግን ፈጥኖ የሚያልፍ ነገር ተከትለው አንስተው ለማያውቁ የከተማችን ባለሙያዎች ይጠቅም ዘንድ እዚህ አሰፍራለሁ።

አስቀድሞ አውሮፕላኑን ማወቅ ያስፈልጋል። የአገራችን የአቪዬሽን ታሪክ ረጅም ስለሆነ ለዚህ የሚሆን ንባብ አይጠፋም። የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ፈረንሳይ ሠራሹ ፖቴዝ 25፣ አዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር መሪነት እዚሁ አገር የተሠራችውና በልዕልት ፀሐይ ስም የተጠራችው አውሮፕላን፣ በፋሺስት ወረራ ዘመን ወደ ጣሊያን ተወስዳ የተመለሰችው በጥር 2016 ዓ.ም. ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድም የመጀመሪያ በረራውን መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ ያደረገው በሲ 47፣ ማለትም በዲሲ 3 ወታደራዊ ዓይነት ነበር። አየር ኃይሉ ደግሞ ከጦርነቱ በኋላ ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በሚመራው ጊዜ ሳብ 17 የተባሉትን ባለ ፕሮፔለር ቦምብ ጣዮች ይጠቀም ነበር። እነዚህን ስሞች የሚያውቅ ሰው በትርኢቱ ሜዳ ላይ የቆመን አሮጌ አውሮፕላን ሲያይ የትኛውን ክፍል ለብቻው አቅርቦ ማንሳት እንዳለበት አይቸገርም።

እውነቱን ለመናገር፣ አገር ውስጥ ጥንታዊ አውሮፕላን የማየት ዕድል የሚገኘው ይበልጡን መሬት ላይ ነው፤ በአየር ላይ በብዛት የሚታዩት እንደ እንግሊዞቹ ዳክስፈርድና ኦልድ ዋርደን ባሉ ሜዳዎች ነው። ሆኖም አጋጣሚ ሳይታሰብ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 ከቀርጤስ ደሴት ተነስተው ወደ ኬፕታውን ያመሩ ባለ ድርብ ክንፍ አሮጌ አውሮፕላኖች በአገራችን በኩል አልፈዋል። አጋጣሚው ሲመጣ እጅ ዝግጁ ሆኖ መጠበቅ አለበት፤ እጅን የሚያዘጋጀው ደግሞ ልምምድ ብቻ ነው።

ስሌቱ

ከሁሉ የሚከብደው የሻተር ፍጥነት ምርጫ ስለሆነ እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንቆይ። የዲሲ 3 ሞተር ለመነሳት በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ በደቂቃ 2,700 ጊዜ ይዞራል፤ በመካከል ያለው ማርሽ ፍጥነቱን ስለሚቀንሰው ግን ፕሮፔለሩ የሚዞረው 1,500 ጊዜ ያህል፣ ማለትም በሴኮንድ 25 ጊዜ ነው። ሻተሩ 1/1000 ላይ ከሆነ፣ ተከፍቶ እስኪዘጋ ድረስ እያንዳንዱ የፕሮፔለሩ ምላጭ የሚጓዘው 9 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ በፎቶው ላይ የቆመ ይመስላል። 1/125 ላይ ሲሆን 72 ዲግሪ ይጓዛል። ፕሮፔለሩ ሦስት ምላጭ ስላለው በአንዱና በሌላው መካከል ያለው ርቀት 120 ዲግሪ ነው፤ ስለዚህ በ1/125 ከግማሽ የሚበልጠው ክብ ይሸፈናል፣ በ1/60 ደግሞ ሙሉ ክብ እንደ ስስ ጭስ ሆኖ ይወጣል።

አውሮፕላኑ ሽቅብ መውጣቱን አቁሞ በተረጋጋ ፍጥነት ሲበር ፕሮፔለሩ ወደ 1,150 ዙር ዝቅ ስለሚል፣ በ1/125 የሚገኘው 55 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህም ለዓይን የሚበቃ መዞርን ያሳያል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን አውሮፕላኑ መሬት ላይ ቀስ እያለ ሲሄድ ነው። በዚያን ጊዜ ፕሮፔለሩ ወደ 450 ዙር ሊወርድ ስለሚችል 1/125 እንኳ የቆመ ያስመስለዋል፤ 1/30 ድረስ መውረድ ግድ ይሆናል። በአጭሩ፣ ሰማይ ላይ ላለ ባለ ፕሮፔለር ከ1/125 ይጀምሩ፣ እጅዎ ሲጸና ወደ 1/60 ይውረዱ፣ መሬት ላይ ላለው 1/30ን ይሞክሩ። ጄት ሲያልፍ ብቻ ወደ 1/1000 ይመለሱ፤ ካለፈም በኋላ ቁጥሩን መልሶ ማውረድን አይርሱ።

ልምምዱ በአዳማ

ለዚህ ልምምድ አዳማ የተመቸች ከተማ ናት። ሙቀቱ የጣራ ማራገቢያን የማይቀር ዕቃ ስላደረገው፣ በየቤቱና በየካፌው ባለ ሦስት ምላጭ ማራገቢያ ሲዞር ይውላል። ትልቁ ፍጥነቱ በደቂቃ 300 ዙር ገደማ ስለሆነ መሬት ላይ ካለ የአውሮፕላን ፕሮፔለር ብዙም አይርቅም። ቡናዎ እስኪደርስ ካሜራውን ወደ ላይ አቅንተው በ1/250፣ በ1/125፣ በ1/60፣ በ1/30 እና በ1/15 በተከታታይ ያንሱና አምስቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን ያስተያዩ። በ1/30 ምላጩ 60 ዲግሪ፣ በ1/15 ደግሞ ሙሉውን 120 ዲግሪ ሲጓዝ በዓይንዎ ያያሉ። ከከተማው በላይ ባሉት ኮረብቶች የቆሙት የንፋስ ተርባይኖችም ሦስት ምላጭ አላቸው፤ ዙራቸው እጅግ ዝግ ያለ ስለሆነ ግን በትራይፖድ ላይ ካልሆነ መዞራቸውን ማሳየት ያስቸግራል።

ሁለተኛው ልምምድ የሚንቀሳቀስን ነገር እየተከተሉ ማንሳት ነው። ባጃጅ በሚበዛበት ቀጥ ያለ መንገድ ዳር፣ ከአስፋልቱ 15 እርምጃ ያህል ርቀው፣ ፀሐይን ከጀርባዎ አድርገው ይቁሙ። እግርዎን ባጃጁ ከፊትዎ ወደሚያልፍበት ቦታ አቅንተው ይትከሉ፤ ከዚያ እግርዎን ሳያንቀሳቅሱ ከወገብ በላይ ብቻ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ይዙሩ። ባጃጁን ከሩቅ ይቀበሉት፣ በፎከስ ነጥቡ ላይ አስቀምጠው አብረውት ይዙሩ፣ ፊት ለፊትዎ ሲደርስ ቁልፉን በቀስታ ይጫኑ፣ ካነሱ በኋላም መዞሩን አያቁሙ። ክርኖችዎ ከጎድንዎ ጋር ይጣበቁ። እግሩ ወደ ማለፊያው ያቀና ሰው ዋናውን ፎቶ የሚያነሳው ሰውነቱ ሲፈታ ነው፤ እግሩ ወደ መምጫው ያቀና ሰው ግን በዚያች ቅጽበት ሰውነቱ ይጠመዘዝና እጁ ይንቀጠቀጣል። በ1/60 ካነሷቸው አሥር ፎቶዎች ሦስቱ ጥርት ካሉልዎ ለትርኢቱ ዝግጁ ነዎት።

ወደ ሜዳው

ከአዳማ እስከ ቢሾፍቱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ትርኢቱ እዚያ ከሆነ ሳይነጋ ከመናኸሪያ መነሳት ይበቃል። ነገር ግን ቢሾፍቱ የአየር ኃይል ማዕከል መሆኗን አንድም ጊዜ መዘንጋት አይገባም። ቀኑ ለሕዝብ ክፍት መሆኑ ካልተገለጸ፣ የካሜራ መግቢያ ፈቃድም እንዳስፈላጊነቱ ካልተያዘ፣ ወደ ጦር ሰፈሩ ካሜራ ማንሳት ክልክል ነው። ድሮን ፈጽሞ አይያዝ፤ አውሮፕላን በሚበርበት አካባቢ ድሮን ማስነሳት ሰው ይገድላል።

በቦርሳው ውስጥ የሚኖረው ብዙ አይደለም። ሠርግ የሚያነሳ ባለሙያ 24-70 እና 70-200 ሚሊ ሜትር ሌንስ አብዛኛውን ጊዜ ስላለው፣ ለመሬት ሥራና ለትላልቆቹ አውሮፕላኖች ይበቃዋል፤ ትንንሾቹን ለማቅረብ 300 ወይም 400 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ሌንስ መዋስ ወይም መከራየት ያስፈልጋል። ፖላራይዘር ፊልተር (ወደ ሌንሱ የሚገባውን ብርሃን የሚቀንስ መስታወት)፣ ሁለት ትርፍ ባትሪ፣ ሜሞሪ ካርድ፣ የሌንስ መጥረጊያ ጨርቅ፣ ባርኔጣ፣ ውኃና ቆሎ ይጨመሩበት።

ሜዳው እንደደረሱ በመጀመሪያ ንፋሱንና ፀሐይን ይመልከቱ። አውሮፕላን የሚነሳውም የሚያርፈውም ፊቱን ወደ ንፋሱ አዙሮ ስለሆነ፣ የንፋስ ማሳያው ጨርቅ ከየት ወደ የት እንደሚነፋ ያየ ሰው አውሮፕላኑ በየት በኩል እንደሚያልፍ ቀድሞ ያውቃል። ንፋሱ ከበረታ ቀላሎቹ አሮጌ አውሮፕላኖች ላይበሩ ይችላሉ፤ ያን ቀን የመሬት ፎቶ ቀን አድርጉት። ፀሐይ ከጀርባ ብትሆን መልካም ነው። በእኛ አገር ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ወደ አናት ስለምትጠጋ የአውሮፕላኑ ሆድ ይጠቁራል፣ ከአስፋልቱ የሚነሳው የሙቀት ሞገድም የሩቁን ምስል ያርገበግበዋል፤ ይህንን የትኛውም ውድ ሌንስ አያድነውም። ስለዚህ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊትና ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል በኋላ ያለውን ጊዜ ለበረራ ፎቶ ያውሉ፣ መሐሉን በጥላ ሥር ዕረፉበት።

ካሜራውን ሻተር በሚያስቀድመው ሞድ ላይ ያድርጉ፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት የሚወስነውን ቁጥር) 100 ላይ ያሳርፉ፣ ፎከሱን ያለማቋረጥ በሚከተለው ዓይነት ያስቀምጡ። በጠራ ፀሐይ በ1/125 ካሜራው አፐርቸሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን የሌንስ ቀዳዳ፣ ወደ ኤፍ 14 ገደማ ያጠበዋል፤ ወደ 1/60 ሲወርዱ ብርሃኑ ሊበዛ ስለሚችል ፖላራይዘሩ የሚያስፈልገው ያኔ ነው። ደማቅ ሰማይ ካሜራውን ስለሚያሳስተው አውሮፕላኑ ጥቁር ጥላ እንዳይሆን የብርሃን ማካካሻውን አንድ ደረጃ ወደ ላይ ከፍ ያድርጉ። ሌንስዎ የጎንዮሹን እንቅስቃሴ ትቶ የላይና ታቹን ብቻ የሚያረጋጋ አማራጭ ካለው እሱን ይምረጡ። አውሮፕላኑ ወደ ተመልካቹ አዘንብሎ ሲዞር ጀርባው፣ የአብራሪው ክፍልና ሁለቱም ክንፎች በአንድ ጊዜ ይታያሉ፤ እኔ ከሁሉ አስበልጬ የምጠብቀው ይህችን ቅጽበት ነው።

አሮጌ አውሮፕላን ግን ከበረራው በፊት ያለው ሰዓት ይበልጥ ያምርበታል። አንድ ጡረታ የወጡ መካኒክ አጠገቤ ቆመው ሳሉ፣ «ጋሼ፣ ለምንድን ነው ፕሮፔለሩን በእጃቸው የሚያዞሩት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ዘይቱ ሲያድር ታች ባሉት ሲሊንደሮች ይጠራቀማል፤ እንዲሁ ቢያስነሱት ሞተሩን ይሰብረዋል» አሉኝ። ሲሊንደሮቹ በክብ የተደረደሩበት ሞተር ሲነሳ ነጭና ሰማያዊ ጭስ የሚተፋው በዚሁ በተጠራቀመ ዘይት ምክንያት ነው። ስለዚህ ሠራተኞቹ ፕሮፔለሩን በእጅ ማዞር ሲጀምሩ ካሜራዎን አዘጋጅተው ይጠብቁ፤ ጭሱ የሚቆየው ለጥቂት ሴኮንዶች ብቻ ነው። ለጭሱ 1/60 ይበቃል። ከዚያ ውጭ የተላጠ ቀለምን፣ የብሎን ረድፍን፣ ዘይት የጠጣ የመካኒክ እጅን በ24-70 ሌንስ ቀርበው ያንሱ፣ ባለ እጁንም አስቀድመው ያስፈቅዱ። ተመልካቹን ከአውሮፕላኖቹ ከሚለየው ገመድ ግን አይለፉ፤ የሚዞር ፕሮፔለር ለዓይን ስለማይታይ ብዙ ልምድ ያለውንም ሰው ይቀጥፋል።

ማታ

ፎቶዎቹን ቤትዎ ሲከፍቱ በመጀመሪያ የአውሮፕላኑን አፍንጫና የአብራሪውን ክፍል አጉልተው ይመልከቱ፤ እነዚህ ካልጠሩ ፕሮፔለሩ ቢያምርም ይሰርዙት። በ1/60 ካነሱት ብዙው መሰረዙ የተለመደ ነው። በጠባብ አፐርቸር የተነሳ ሰማይ ላይ በካሜራው ሴንሰር ያረፈ አቧራ እንደ ጥቁር ነጠብጣብ ስለሚታይ፣ በአዳማ አቧራ ውስጥ ሌንስ ሲቀይር የኖረ ካሜራ ይህን ማጽዳት አይቀርለትም። ያዘነበለ አድማስ ካለ ያቃኑ፣ ቀለሙን ግን አያጋንኑ።

በመጨረሻ በእያንዳንዱ ፎቶ ፋይል ላይ የአውሮፕላኑን ዓይነት፣ በጭራው ላይ የተጻፈውን የምዝገባ ፊደልና ቁጥር፣ ቦታውንና ቀኑን ይጻፉ። እጃቸውን ላስነሱት መካኒክም አንድ ፎቶ አሳትመው ይላኩላቸው።