የፓስፖርት ግርጌ እንዴት ይነበባል?

ነገሩ የገባኝ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ባለ አንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ፣ ለአጎቴ የዱባይ ቪዛ ፎርም ስሞላ ነው። የፓስፖርት ቁጥሩ ውስጥ ያለችውን ዜሮ «ኦ» ብዬ ጻፍኳት፤ ፎርሙም እምቢ አለ። ደግሜ ሞከርኩ፣ አሁንም እምቢ። ግማሽ ቀን ሄደ። የአጎቴ ጫትም አለቀ።

ፎቶው ካለበት ገጽ ግርጌ ለማሽን የተጻፉ ሁለት መስመሮች አሉ፤ እያንዳንዳቸው 44 ቦታ አላቸው። የላይኛው በፒ ጀምሮ፣ ኢቲኤች (የኢትዮጵያ ምልክት) ብሎ፣ ስም ያስከትላል። ሾጣጣዎቹ ምልክቶች (<) ክፍት ቦታ መሙያ ናቸው። ሁለት ሲደረደሩ ግን «የቤተሰብ ስም» እዚያ ጋ አለቀ ማለት ነው። እኛ ጋ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለም፤ ስለዚህ እዚያ የገባው የማን ስም እንደሆነ እዩና ቲኬት ስትቆርጡ ልክ እንደዚያው አስጽፉ።

ዋናው ሁለተኛው መስመር ነው። የመጀመሪያዎቹ 9 ቦታዎች የፓስፖርት ቁጥሩ ናቸው። በኢፒ ከጀመረ ቀጣዮቹ 7ቱ አሃዝ ብቻ ስለሆኑ «ኦ» የመሰላችሁ ሁሉ ዜሮ ነው። 10ኛዋ ማሽኑ ቁጥሩን በትክክል ማንበቡን የምትፈትሽ መቆጣጠሪያ አሃዝ ናት፤ የቁጥሩ አካል ስላልሆነች ፎርም ላይ እንዳትጨምሯት። ከዚያ ዜግነት፣ ቀጥሎ የትውልድ ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ይመጣል፤ መጀመሪያ ዓመት፣ ከዚያ ወር፣ ከዚያ ቀን። ከሱ ቀጥላ የቀኑ የራሱ መቆጣጠሪያ አሃዝ አለች፤ የምትገኘውም በሒሳብ ነው።

ግንቦት 4 ቀን 1982 የተወለደ ሰው 900512 ተብሎ ይጻፋል እንበል። አሃዞቹን በተራ በ7፣ በ3፣ በ1 እያባዛችሁ፣ ሲያልቅ እንደገና ከ7 እየጀመራችሁ ደምሩ፦ 63፣ 0፣ 0፣ 35፣ 3፣ 2። ድምሩ 103 ነው፤ ለ10 ሲካፈል 3 ይተርፋል። ስለዚህ ከቀኑ ቀጥሎ 3 መኖር አለበት። ማሽኑ አንዷን አሃዝ እንኳ አሳስቶ ቢያነብ በዚህ ይነቃበታል።

ግን ይቺ አሃዝ የምትጠብቀው ንባቡን እንጂ እውነቱን አይደለም። ቀኑ ከኛ አቆጣጠር ሲገለበጥ ከተሳሳተ፣ በተሳሳተው ቀን ላይ ሒሳቡ ቁጭ ብሎ ይሠራል፣ ማንም አይጠይቅም። ቀናችሁን አስቀድማችሁ ራሳችሁ ቀይሩና በወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፤ ፓስፖርቱን ስትቀበሉም ከመስኮቱ ሳትነሱ አስተያዩ። ባጃጅ ከገባችሁ በኋላ ያያችሁት ስህተት ሌላ ሰልፍ ነው።

የፋይዳ ቁጥር ሌላ ነው፤ 12 አሃዝ ሆኖ ከሰውየው ጋር ይኖራል። የፓስፖርት ቁጥር ግን ሲታደስ ይቀየራል። ስለዚህ በድሮው ቁጥር የወጣ ቪዛ ካላችሁ አሮጌውን ደብተር እንዳትጥሉት።