የዜናውን ባለቤት በደብተር መለየት

የጣቢያ ባለቤት ራሱ ስልክ ደውሎ ዜና የሚያስቀረው አልፎ አልፎ ነው። ብዙ ጊዜ አዘጋጁ «ይሄ አለቆችን ያስቆጣል» ብሎ ገና ሳይነካው ያልፈዋል። ስለዚህ ከተነገረው ይልቅ ያልተነገረውን ማደን ነው።

መጀመሪያ ማን የማን እንደሆነ ይጻፉ። ኢቢሲ የፌዴራል፣ ኦቢኤን የኦሮሚያ ክልል፣ የጅማ ማኅበረሰብ ሬዲዮ ደግሞ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ጋር የተያያዘ ነው። የግል ኤፍኤም ላይ ግን ይጠንቀቁ፦ ብዙ ዝግጅት የአየር ሰዓት የገዙ ተባባሪ አዘጋጆች ሥራ ነው። ጣቢያው የአንዱ፣ ፕሮግራሙ የሌላው፣ ገንዘቡ የስፖንሰሩ ሊሆን ይችላል፤ የስፖንሰር ማስታወቂያው ሲነበብ ድምፁን አይቀንሱ።

ከዚያ ባለቤታቸው የተለያየ ሁለት ጣቢያ ይምረጡና ዋና ዜናቸውን 14 ቀን ይከታተሉ። ሰዓታቸው ከተጋጨ አንዱን በስልክ ይቅዱ። አራት ዓምድ ይበቃል፦ ርዕስ፣ ደቂቃ፣ ድምፁ የተሰማው ሰው፣ የቀረው ነገር። ሳምንት ብቻ ከያዙ አንድ በዓል ወይም የባለሥልጣን ጉብኝት ውጤቱን ያበላሸዋል።

«የቀረው» የሚለውን ለመሙላት በዓይንዎ የሚያውቁት ጉዳይ ያስፈልጋል። ለጅማ ሰው ከቡና የተሻለ የለም። በለቀማ ወቅት የአጋሮ ወይም የማና ገበሬ አንድ ኪሎ እሸት ቡና በስንት እንደሸጠ ይጠይቁ። ዜናው የኤክስፖርት ዶላሩን ብቻ ቆጥሮ የገበሬውን ዋጋ ከዘለለ ይመዝግቡ።

ዝምታ ሁሉ ግን የባለቤት እጅ አይደለም። መኪናና ነዳጅ የሌለው ዘጋቢ አበልና ትራንስፖርት ወደሚሰጥበት ወርክሾፕ ይሄዳል፤ የስብሰባ መክፈቻ ዜና የሚበዛውም በከፊል ለዚህ ነው። ሁለቱም ጣቢያዎች ከዘለሉት የአቅም ጉዳይ ሊሆን ይችላል። አንዱ እየዘገበው ሌላው ሦስት ጊዜ ያህል ካለፈው፣ ጉዳዩም ባለቤቱን የሚነካ ከሆነ፣ ያኔ ይጠርጥሩ።

በአንድ አጋጣሚ ብቻ አይፍረዱ። የአሜሪካው ቴሌቪዥን ኤቢሲ፣ የመዝናኛ ኩባንያው ዲዝኒ ከገዛው በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1998፣ ስለ ዲዝኒ መዝናኛ ቦታ የተሠራ ምርመራ ሳያስተላልፍ ቀረ። ጣቢያው ምክንያቱ የዘገባው ጥራት ነው አለ። ከውጭ ሆኖ ይህን ማስተባበል ይከብዳል፤ ደጋግሞ ሲሆን ግን ቆጠራው ይናገራል።

የራስዎ ወገንተኝነትም ዓምዱን ያዛባል። በፖለቲካ የማይስማማዎት ሰው ለብቻው እንዲመዘግብ ያድርጉ፤ የተለያያችሁበትን ቀን ቅጂውን አብራችሁ ድጋሚ ስሙ።