«ፈርዖን»ን ሳትሰለቹ ለማየት

ፊልሙን ቤቴ ለጠራኋቸው ሰዎች ከመክፈቴ በፊት አንድ ነገር እናገራለሁ፦ ሙሴ የለም፣ ባሕርም አይከፈልም። «ፈርዖን» ሲባል ሁሉም ሰው የሚጠብቀው እሱን ነዋ! ይህኛው ፖላንዳዊው ዳይሬክተር የዢ ካቫሌሮቪች በ1966 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። ወጣቱ ራምሴስ 13ኛ ከካህናቱ አለቃ ከሄርሆር ጋር ይተናነቃል።

ርዝመቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ስለሆነ ከእራት በኋላ አትጀምሩት፣ ትተኛላችሁ። እሁድ ከሰዓት ይሻላል፤ ቡናውም አስቀድሞ ይጠጣ። የቴሌቪዥኑን ቀለም አትነካኩ። አማቼ «ተበላሸ እንዴ?» ብሎ ሪሞቱን አንስቶ ነበር፤ ቢጫና አሸዋማ የሆነው ግን ሆን ተብሎ ነው።

መጀመሪያውን ማንም እንዳያመልጠው። ሁለት ጢንዚዛዎች አሸዋ ላይ በእበት ድቡልቡል ይጣላሉ። አንድ ሰው በተሰለፈው ጦር መካከል ይሮጣል፣ ካሜራው ከኋላ ከኋላው ይከተለዋል። ጢንዚዛ ቅዱስ ነውና ሄርሆር ሠራዊቱ ዞሮ እንዲያልፍ ያዝዛል። በአዲሱ መንገድ ላይ አንድ ባሪያ ነፃ እወጣለሁ ብሎ ለዓመታት የቆፈረው ቦይ አለ፤ እሱን ይደፍኑበታል። ይለምናል፣ የሚሰማው የለም፣ ራሱን ይሰቅላል። ወጣቱ ልዑል ካህናቱን መጥላት የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው ባይ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ወርቁን ተከተሉ። ገንዘብ በተነሳ ቁጥር ማን ከማን እንደሚጠይቅ ልብ በሉ፦ የንጉሡ ካዝና ባዶ ነው፣ ፊንቄያውያን በወለድ ያበድራሉ፣ እውነተኛው ሀብት ካህናቱ በሚጠብቁት ላቢሪንት፣ መውጫ መግቢያው በሚያደናግር ሕንፃ ውስጥ ተቆልፏል። ጦርነቱን ብቻ የሚጠብቅ ሰው ያንቀላፋል።

ንግግሩ በፖላንድኛ ነው። እኔ ከታች ያለውን ጽሑፍ ለእናቴ እተረጉምላታለሁ፣ ግን ካህናቱ ሲመካከሩ ብቻ። ሰልፉና በረሃው አስተርጓሚ አይፈልጉም። (በረሃው አብዛኛው ኡዝቤኪስታን ውስጥ የተቀረጸ ኪዚልኩም ነው።)

ፀሐይ ስትጨልም ወደ መሬት የሚወድቀውን ሕዝብ ትታችሁ ሄርሆርን እዩት። ግርዶሹ መቼ እንደሚሆን ካህናቱ በሥነ ፈለክ አስልተው አውቀውታል። ይህን አስቀድሜ ለእንግዶቼ እነግራለሁ፤ ሲያውቁት ሰውየው የበለጠ ያስፈራል።

ታሪክ የሚወድ ሰው ካለ ራምሴስ 13ኛን መጽሐፍ ውስጥ እንዳይፈልግ ንገሩት፤ የመጨረሻው ራምሴስ 11ኛው ነው። ሄሪሆር የሚባል የአሞን አምላክ ሊቀ ካህናት ግን በእሱ ዘመን በግብፅ ከተማ በቴብስ ነበረ፣ የንጉሥ ማዕረግም ለራሱ አጽፏል።

ሌላው፣ ግሪካዊው ሊቆን ንጉሡን ቁርጥ ነው፤ ሁለቱንም የሚጫወተው የዢ ዜልኒክ ነውና። ይህን አስቀድማችሁ ካልተናገራችሁ መጨረሻው አካባቢ «ይሄ የትኛው ነው?» እየተባለ ሪሞቱ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል።