የሚያዳምጡትን ማን ያዳምጣቸው? በጦርነት ጊዜ ስለ አእምሮ ጤና ባለሙያዎች የምንሳሳታቸው ነገሮች

ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ሲነሳ፣ እዚያው የነበሩ የሥነ ልቦና ባለሙያዎችና የሳይካትሪ ነርሶች ሸክማቸው ድርብ ነበር። ቀን የሰው መከራ ሲሰሙ ይውላሉ። ማታ የራሳቸው ወንድም ይኑር ይሙት አያውቁም። ትግራይ ውስጥ ስልኩም ባንኩም ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር።

የመጀመሪያው ስህተት «ባለሙያ ስለሆነች ትችለዋለች» ማለት ነው። ወባ የሚያክም ሐኪም ወባ አይዘውም ያለ ግን የለም። የአሜሪካ ሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው የምርመራ መመሪያ፣ በሥራ ምክንያት የሰቆቃ ዝርዝር ደጋግሞ መስማትም ለድህረ አደጋ ጭንቀት ሊዳርግ እንደሚችል አስፍሯል።

ሁለተኛው፣ ለእኔ ከሁሉም የሚከፋው፣ መደንዘዝን እንደ ብርታት መቁጠር ነው። ጉዳቱ ሁልጊዜ በለቅሶ አይገለጥም። ታካሚዋ ወታደሮቹ ቤቷ የገቡበት ሌሊት ላይ ስትደርስ አማካሪዋ ቀና ብላ «እሺ፣ እንቅልፍሽስ እንዴት ነው?» ትላታለች። ጥያቄው ከላይ ሲያዩት ደህና ነው። ወሬው ግን እዚያ ላይ ተቆረጠ። ታካሚዋም «ይህ ነገር አይወራም ማለት ነው» ብላ ትሄዳለች። ካርዱ ላይ ሁሉም ነገር ተሟልቶ ስለሚጻፍ አለቃ አያይም። የሚያይ ካለ አብሮ ቁጭ ብሎ ጉዳዩን በዝርዝር የሚጠይቅ ባልደረባ ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ ቋሚ ሰዓት ያለው የጉዳይ ውይይት ቅንጦት አይደለም።

አስተርጓሚዎችንም እንረሳለን። እነሱ እኮ «ደፈሩኝ» የሚለውን በራሳቸው አፍ ነው የሚናገሩት።

ሌላው የሆቴል ስልጠና ነው። ሁለት ቀን ቢሾፍቱ፣ አበል፣ ሰርተፍኬት፣ የቡድን ፎቶ። ከዚያ ሰኞ ያው ሰልፍ ይጠብቃል። ባለሙያዎችን አደጋው በደረሰ ማግስት ሰብስቦ የደረሰባቸውን በየተራ ማስተረክም መፍትሔ አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረግን እንዲህ ያለ ውይይት እንደ መከላከያ አይመክርም። ደግሞስ የመቀሌው ዓይደር ሆስፒታል ሠራተኞች በጦርነቱ ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ደመወዝ ሠርተዋል። ልጆቹን ምን እንደሚያበላ ለጨነቀው ሰው «ራስህን ተንከባከብ» ማለት ሹፈት ነው። ቀድሞ ደመወዝ፣ ዕረፍት፣ በቀን የሚያያቸውን ታካሚዎች መቀነስ።

በትንሽ ከተማ «ለምን አትታከምም?» ማለትም ቀላል አይደለም። ያለው ብቸኛ ሐኪም የሥራ ባልደረባው ነው። በስልክ ሌላ ከተማ ካለ ባለሙያ ጋር ማገናኘት ይሻላል።

የመጨረሻው፣ ተኩስ ሲቆም ጉዳቱም የቆመ መምሰሉ ነው። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ተፈረመ። ብዙ ተጎጂ ግን አፉን የሚከፍተው መንገድ ሲከፈትና ፍርሃቱ ሲቀል ነው። የባለሙያዎቹ ድጋፍ በአስቸኳይ ጊዜ በጀት ከተያዘ፣ ወረፋው መርዘም በሚጀምርበት ወር ይዘጋል።