በሲያትል ሰማዩን አይተው የሚሳሳቱ፦ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ሲያትል በተራራ የተከበበች ከተማ ናት። በምዕራብ የኦሎምፒክ ተራሮች፣ በምሥራቅ የካስኬድ ሰንሰለት፣ በደቡብ ምሥራቅ ደግሞ 4,392 ሜትር ከፍታ ያለው ሬይኒየር አለ። ከፓስፊክ ውቅያኖስ የሚመጣው እርጥብ አየር ወይ በላያቸው ነው የሚያልፈው፣ ወይ ዞሯቸው። ፎቶ ማንሳትና ተራራ መውጣት የጀመሩ ወጣቶቻችን ግን ስልካቸው ላይ ያለችውን አንዲት የደመና ምልክት አይተው ይወጣሉ፤ ከዚያ ዝናብ ሲመታቸው "የሲያትል ነገር አይታመንም" ይላሉ። ይታመናል፤ መጀመሪያ የነፋሱን አቅጣጫ ካያችሁ።

"ተራራ ዝናብ ይስባል" የሚለው አነጋገር ብዙ ሰው ያሳስታል። ነፋስ እርጥቡን አየር ገፍቶ ያመጣዋል፣ ተራራው ወደ ላይ ያነሳዋል። አየር ሲወጣ ይሰፋል፣ ሲሰፋ ይቀዘቅዛል፤ ደመና መሥራት እስኪጀምር ድረስ በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ተኑ ጠብታ ይሆንና ነፋሱ በሚመታው ጎን ይዘንባል። ተሻግሮ ቁልቁል ሲወርድ ተመልሶ ይሞቃል፣ ደመናውም ይሳሳል። ከኦሎምፒክ ተራሮች በስተምዕራብ ያለው የሆህ ደን በዓመት 3,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ያገኛል። ከዚያ 100 ኪሎ ሜትር እንኳን የማትርቀው፣ ከተራሮቹ ሰሜን ምሥራቅ ያለችው ስኩዊም 400 ገደማ ብቻ ነው የሚደርሳት።

ይህን የተማረ ሰው ደግሞ ወዲያው ሌላ ስህተት ውስጥ ይገባል፤ የዝናብ ጥላው፣ ማለትም ከተራራው ጀርባ ዝናብ የሚያንስበት ቦታ፣ ስኩዊም ላይ ተተክሎ የሚኖር ይመስለዋል። ነፋሱ ከደቡብ ምዕራብ ሲሆን ጥላው እዚያ ነው። ከምዕራብ ሲሆን ግን ወደ ሲያትል ሊዞር ይችላል፣ ያን ቀን ከተማዋ ደረቅ ስትሆን ዙሪያዋ ይርሳል።

ሲያትል ከአዲስ አበባ የበለጠ ዝናብ አላት የሚል ካለም ተሳስቷል። የሲያትል ዓመታዊ ዝናብ 1,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የአዲስ አበባ ይበልጣል። እዚህ የሚያሰለቸው በየቀኑ የሚያካፋው ካፊያ ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ፣ ጠዋት ሰማዩ ሲጠራ "አለፈ፣ ከእንግዲህ ብራ ነው" ብሎ መደምደም! የቀዝቃዛው አየር ግንባር፣ ማለትም ሞቃቱን አየር እየገፋ የሚመጣው የቀዝቃዛ አየር ጠርዝ፣ ካለፈ በኋላ ባሕር ዳርቻው ላይ ነፋሱ ከምዕራብ ወይም ከሰሜን ምዕራብ መንፈስ ይጀምራል። ኦሎምፒክ ተራሮች ጋ ሲደርስ፣ ወንዝ ቋጥኝ ሲገጥመው እንደሚያደርገው፣ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ በሰሜን በኩል በሁዋን ዴ ፉካ የባሕር ሰርጥ ይገባና ወደ ደቡብ ይታጠፋል። ሌላው በደቡብ በኩል በቸሃሊስ ዝቅተኛ ቦታ ዞሮ ወደ ሰሜን ይመጣል። ሁለቱ ሲያትል ዳርቻው ላይ ባለችበት የባሕር ወሽመጥ፣ በፑጀት ሳውንድ ላይ፣ ፊት ለፊት ይገናኛሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከከተማዋ በስተሰሜን፣ በሾርላይንና በኤቨረት መካከል። መሄጃ ያጣው አየር ሽቅብ ይወጣል፤ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የተዘረጋ ጠባብ የደመና መቀነትም ይሠራል። በኢንተርስቴት 5 ወደ ሰሜን የሚነዳ ሰው በፀሐይ ተነስቶ ዶፍ ውስጥ ይገባል፣ ትንሽ እንደሄደ ደግሞ ተመልሶ ፀሐይ ያገኛል።

ይህ ነገር የሚበዛው በጸደይ ነው፤ የእኛ ሰርግ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ነው። አንድ ጊዜ ለሰርግ ፎቶ ከደቡብ ሲያትል በሾርላይንና በኤቨረት መካከል ወዳለችው ሊንዉድ የሚሄዱ ቤተሰቦች ነበሩ። ደቡቡ ጥርት ብሏል። ድንኳኑን ከመኪናው አውርደው ትተውት እንዳይሄዱ ለመንኳቸው፤ "አንተ ደግሞ፣ ሰማዩን አታየውም እንዴ?" ተባልኩ። ገና ሙሽሮቹ ሳር ላይ ሳይቆሙ በረዶ የተቀላቀለበት ዝናብ ወረደ፤ የሙሽራይቱ እናት ነጠላቸውን በልጃቸው ራስ ላይ ዘርግተው ወደ መኪና ሲሮጡ ዛሬም ይታየኛል። ሌላው ያሳዘነኝ፣ ከደቡብ ሲያትል ስልክ ደውለን ስንጠይቅ እዚያ ጠብ እንኳን አላለም ነበር።

ምልክቱ ቀላል ነው። የመኪና መሸጫዎች ትልልቅ ባንዲራ ይሰቅላሉ፤ እሱን እዩ። በደቡብ በኩል ያለው ወደ ሰሜን እየተውለበለበ የኤቨረቱ ወደ ደቡብ ከሆነ፣ መሃል ላይ ደመና እየተሠራ ነው። መቀነቱ ብዙ ጊዜ ቀስ እያለ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ስለዚህ ከተማው ውስጥ ሆናችሁ የደቡቡ ነፋስ ድንገት ወደ ሰሜን ነፋስ ከተለወጠባችሁ ልብሱን ከገመድ አንሱ።

ሬይኒየር ኮፍያ ሲያደርግ፣ ማለትም ለስላሳ ክብ ደመና አናቱ ላይ ሲቀመጥ፣ ያ ደመና የቆመ ይመስላል። ዓይናችሁን ጠርዙ ላይ ተክሉ። ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ነጭ ጭረት ከባዶ ሰማይ ብቅ ይላል፣ በወዲያኛው ጠርዝ ደግሞ ሟሙቶ ይጠፋል። አየሩ በኃይል እያለፈ ነው፤ የማይንቀሳቀሰው ጠብታ የሚሠራበት ቦታ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ደመና ላይኛው አየር ውስጥ እርጥበት መግባቱን ይናገራል፣ ብዙ ጊዜም በማግስቱ ዝናብ ይከተላል። በዚያ ቀን ከታች ጸጥ ያለ ቢመስልም አናቱ ላይ ነፋሱ ሰው ይጥላል፤ ቆንጆ ነው ብላችሁ ወደ ላይ አትውጡ።

በበጋ ጠዋት ከተማው ስለጨፈገገ ጉዞ የምትሰርዙ፦ ያ ከባሕር የገባ ስስ ደመና ነው። በሬይኒየር ተራራ ጎን 1,646 ሜትር ላይ ያለው ፓራዳይዝ ብዙ ጊዜ ከበላዩ ነው፤ ሂዱ።

የመጨረሻው ለሹፌሮች ነው። ከተማው ስለጠራ፣ መንገዱ ካስኬድን በሚሻገርበት በስኖኳልሚ በር ላይ በረዶ የለም ብላችሁ አትውጡ። በሩ 921 ሜትር ብቻ ነው፣ ግን ከምዕራብ የሚነፍሰው አየር ካስኬድን ሲወጣ ግንባሩ ካለፈ በኋላም በረዶ ማውረዱን ሊቀጥል ይችላል። ያኪማ ያለ ወዳጅ ደውሎ "እዚህ ፀሐይ ነው" ቢላችሁም አትመኑበት፤ ያኪማ ከተራራው ወዲያ ሆና በዓመት 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ የምታገኝ ደረቅ አገር ናት፣ የእሱ ፀሐይ ስለ በሩ ምንም አይነግራችሁም። የበሩን የመንገድ ካሜራ እዩ፣ የጎማ ሰንሰለትም ከመኪናችሁ አይለይ።